የማይሞላው ባትሪ

ሐሙስ ጠዋት፣ ሻይ ተቀድቶ ዳቦው ገና ሳይቆረስ፣ አማቴ ከወንበራቸው ተነሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና እንዲህ ሲሉ አስታወቁ፦

«ከነገ ዓርብ ጀምሮ የመኪናው ባትሪ ቻርጅ ይደረጋል። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ እኔ ራሴ በቦታው እገኛለሁ።»

በእንዲህ ያለ ድምፅ ሰው ክተት ያውጃል፤ ወይም ውርስ ያካፍላል። ባትሪ ቻርጅ ማድረግ ማለት ግን እኔ በቀን አሥር ጊዜ፣ ስለ ሌላ ነገር እያሰብኩ የምሠራው ሥራ ነው። እንዲያም ሆኖ ጠረጴዛውን የከበብን ሰዎች መርዶ እንደሰማ ሰው ደረቅን። ባለቤቴ ስኳር የጨመረችበትን ሻይ እንደገና ስኳር ጨመረችበት። እናቷ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ «ውይ!» አሉና ወዲያው «አቃጠለኝ» ብለው በሻዩ አሳበቡ። ሻዩን ገና አልነኩትም ነበር።

ለምን እንደደነገጥን ልናገር። ጋሼ (አማቴን ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ነው) ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው አንድ ዶሮ እንኳ ያልገጩ ሰው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ገዙ። ከዚያ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። ሐኪሙ ለባለቤቴ ለብቻዋ፣ የግራው ዓይን እንዳበቃለት፣ የቀኙም በቀጭን ቱቦ አሾልቆ እንደማየት እንደሆነ፣ የሄደውም እንደማይመለስ ነገራት። እሷ ደግሞ ለአባቷ «ጠብታውን በሰዓቱ ካደረግክ ይሻልሃል ብሏል» አለቻቸው። ስትጠየቅ፣ የሐኪሙ ንግግር ረጅም ስለነበር አሳጠርኩት እንጂ አልዋሸሁም ትላለች።

የዛሬ ስምንት ወር ጋሼ መኪናዋን ወደ ግቢ ሲያስገቡ የግቢውን በር አንዱን ክንፍ ይዘውት ገቡ። ወርደው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ይህን በር ማነው ያዛወረው?» ብለው ተቆጡ። በሩ ከተተከለ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በር ባልከፋ፤ በሳምንቱ ግን ከትምህርት ቤት የምትመለስ አንዲት ልጅ መንገድ ስታቋርጥ ጋሼ ፍጥነት እንኳ ሳይቀንሱ አለፉ። ልጅቷ ቦይ ውስጥ ዘላ ተረፈች። ባለቤቴ አጠገባቸው ነበረችና ጮኸች። «ምነው?» አሉ ጋሼ። «ምንም» አለች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቄ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ያ ባትሪ መሞት አለበት» አለችኝ።

የእኔ ሥራ ባትሪ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ በጎሚስታውና በቁልፍ ቀራጩ መካከል ጠባብ ቤት አለችኝ። ሦስት ቻርጀር፣ አንድ ረጅም የእንጨት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ «ማጨስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ ሥር ደግሞ ቆሞ የሚያጨስ ደንበኛ። ሱሪዎቼ ሁሉ ጉልበታቸው ላይ ወንፊት ናቸው። አሲድ ዛሬ ነክቶህ ነገ ነው የሚበላህ፤ ልክ እንደ ዘመድ ሐሜት።

ያን ቀን ከመደርደሪያ ሥር ባለቤቱ ረስቶት የቀረ አንድ አሮጌ ባትሪ ነበረኝ። መጠኑም፣ ቀለሙም፣ እጀታውም ከጋሼ ባትሪ ጋር መንታ። የእሳቸውን ጤነኛ ባትሪ «ልየው» ብዬ ወሰድኩና ሙቱን ከላይ አጥቤ፣ ጫፎቹን ወልውዬ፣ በቦታው አሰርኩላቸው። ጋሼ ቁልፍ አዞሩ። መኪናዋ «ጥ» አለች። በቃ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ «ልጄ፣ እስቲ ይቺን ባትሪ ሙላልኝ» ይሉኛል፤ እወስደዋለሁ፤ መደርደሪያ ላይ ሁለት ቀን አሳድረውና እመልሰዋለሁ፤ መኪናዋ «ጥ» ትላለች።

«አሁንም አልያዘም?»

«አልያዘም ጋሼ።»

«ምን ይሻላል?»

«እናያለን።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ ውሸት እርሳስ ስለሆነ መሰለኝ፣ ስምንት ወር ሙሉ ስሸከመው ቅንጣት አልቀለለኝም።

ጋሼ ሌላ ቤት ሄደው አዲስ ባትሪ ለምን አልገዙም የሚል ይኖራል። እኛም ያንን ፈርተን ነበር። እሳቸው ግን «ባትሪ ቤት ያለው አማች እያለኝ ሌላ ሰው ደጅ ብቆም አገር ምን ይለኛል?» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኛም ደስ አለን፤ ብዙም አልመረመርነውም።

ያላሰብነው የሰፈሩን አፍ ነው። ፍሬቻ የምንለው ባለታክሲ አለ። ይህ ስም የወጣለት የመታጠፊያ መብራት በሕይወቱ አንድ ቀን አብርቶ ስለማያውቅ ነው። እሱ በሱቄ በር ላይ ቆሞ «ባትሪዬን ለዚህ ልስጥ? የአማቱን በስምንት ወር ያልሞላ የእኔን የልጅ ልጄ ሊረከብ ነው?» ይላል። ጎሚስታው ከጎማው ቀና ብሎ «ተወው እባክህ፣ ሆን ብሎ ነው፤ አማት ናቸው» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ግን ጥርሴ ብቻ ነው የሚስቀው። እውነትን በቀልድ የሚናገር ሰው የሚያስፈራውን ያህል የሚያስፈራ ነገር የለም።

ረቡዕ ዕለት ፍሬቻ ይህንኑ ሲደግም ጋሼ ከኋላው ቆመው ነበር። በማግስቱ ነው ሻይ ላይ ያ አዋጅ የታወጀው። መጨረሻው ላይም ይህ ተጨመረበት፦

«የልጄ ስም በከንቱ ጠፍቷል። እኔ በቁሜ እያለሁ ይህ አይሆንም።»

ልጄ ያሉት እኔን ነው።

ዓርብ ማለዳ ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን መፍታት ጀመርኩ። ጋሼ ከኋላዬ ቆመዋል።

«መጀመሪያ ጥቁሩን።»

«ጥቁሩን ነው የፈታሁት ጋሼ።»

«አያለሁ» አሉ። ፊታቸው ወደ ውሃው በርሜል ዞሮ ነበር።

ባትሪውን ተሸክሜ፣ እሳቸው ክንዴን ያልያዙ መስለው ክንዴን ይዘው፣ ወደ ሱቅ ሄድን። ጎሚስታው ጎማ ደርድሮ ከላይ ኮፍያውን ሰቅሎበት ነበር። ጋሼ ቆም አሉና «ደህና አደርክ?» አሉት። ጎማው ዝም። «ምነው ዛሬ፣ ኩርፊያ ነው?» ጎሚስታው ከአንድ መኪና ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ አየኝ፤ አየሁት።

«እግዜር ይመስገን ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» አለ ከመሬት።

«ድምፅህ ምነው ወረደ?»

«ብርድ ነው ጋሼ።»

ሱቅ ስንገባ ወንበር ሰጠኋቸው። ከተቀመጡ በኋላ ምርመራው ጀመረ።

«በሩ?»

«ክፍት ነው።»

«መስኮቱ?»

«ክፍት ነው።»

«ይኸውልህ፣ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ይተፋል። መውጫ ያጣ ጋዝ ሥራ እንደፈታ ጎረምሳ ነው፤ አንዲት ብልጭታ ነው የሚፈልገው። ቀለበትህን አውልቅ። መነጽርህስ?»

«ጋሼ፣ እኔ አሥራ አራት ዓመት በዚህ ሥራ…»

«አድርግ። ዓይን መለዋወጫ የለውም።»

መፍቻ ሊዋስ የመጣው ቁልፍ ቀራጭ መፍቻውን ሳይዋስ ወጣ።

መነጽሬን አደረግኩ፤ ጓንቴን አጠለቅኩ፤ የስድስቱን ክፍሎች ክዳን ፈታሁ። «የእርሳስ ፕሌቶቹ ተሸፍነዋል?» አሉኝ። ትንሽ ደርቀዋል አልኳቸው። «እንግዲያው እስኪሸፈኑ ብቻ ጨምር። አሁን ጢም ብታደርገው ሲሞላ ገንፍሎ ጠረጴዛህን ይበላዋል። የቧንቧ ውሃ አይደለም አይደል?»

«ጋሼ!»

«ጠየቅኩህ እንጂ ሰደብኩህ?»

የአሲድ መለኪያዬ ጫፏ ላይ የላስቲክ ፊኛ ያላት የመስታወት ቱቦ ናት። ከየክፍሉ አሲድ ስትመጥ ውስጧ ያለችው መንሳፈፊያ ቀይ፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ላይ ትቆማለች፤ ቀይ ባዶ፣ አረንጓዴ ሙሉ ማለት ነው። ስድስቱንም ለካሁ። ስድስቱም ቀይ። የሦስተኛው መንሳፈፊያማ እንደ ድንጋይ ከታች ተቀምጣለች። «ሁሉም ቀይ ናቸው ጋሼ» አልኩ፣ ልቤ እያረፈ። ስለዚያ ባትሪ በስምንት ወር ውስጥ ለእሳቸው የተናገርኩት የመጀመሪያ እውነት ነበር።

«በስንት አምፔር ልትሞላው ነው?»

«በስድስት።»

«ለጤነኛ ስድስት ደግ ነው። ብዙ የተኛ ባትሪ ግን ርቦት እንደከረመ ሰው ነው፤ በአንዴ ስታጎርሰው ይታመምብሃል። ሁለት አድርገው።»

«በሁለትማ ሦስት ቀን ይፈጃል!»

«መንገድ አለብህ?»

ቻርጀሩ ከሶኬት እንደተነቀለ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋገጡ። ቀዩን ቆንጣጭ ፕላስ ላይ፣ ጥቁሩን ማይነስ ላይ አደረግኩ፤ ከዚያ ሰካሁት፤ ከዚያ አበራሁት። መርፌዋ ሁለት ላይ ተንቀጥቅጣ ቆመች። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ባቡር እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጡ።

እኔን ግን አላስቀምጥ አላስቆም አለኝ። ወጣሁ፤ ገባሁ፤ የተጠረገ ጠረግኩ። ሙት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ እነካዋለሁ። በየግማሽ ሰዓቱ ስልኬ ይጮሃል፤ ባለቤቴ ናት።

«እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ማለቴ፣ ደህና አይደለም።»

«እኮ ሞቷል?»

«ሞቷል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የኔ እመቤት፣ ሐኪም ነኝ እንዴ?»

ከቀትር በኋላ እትዬ በፔርሙስ ሻይ ይዘው መጡ። ለባላቸው ቀዱላቸውና፣ ሕመምተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብለው ወደ ጠረጴዛው ተጠጉ። «አለ?» አሉኝ በሹክሹክታ። «የለም» አልኳቸው። «ተመስገን» ብለው ፔርሙሳቸውን ይዘው ሄዱ።

ሱቅ መዝጊያ ሲደርስ አንድ ቻርጀር ሌሊቱን እንዲሠራ ልተወው ብል ጋሼ ተቆጡ። «ሰው በሌለበት ባትሪ አይሞላም። አጥፋ፤ ከሶኬት ንቀል፤ ከዚያ ቆንጣጮቹን ፍታ። ቅደም ተከተሉን ካሳሳትከው እኔ ይህን ቤት አላውቀውም።» አጠፋሁ፤ ነቀልኩ፤ ፈታሁ።

ቅዳሜ ከረፋዱ ጋሼ ድንገት እጃቸውን ወደ ላይ አነሱ። «ዝም በሉ» አሉ። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ከወንበራቸው ተነስተው ወደ ጠረጴዛው መጡ።

«ጋሼ፣ ፊትዎን ያርቁ።»

«ክንድ ሙሉ ነው፤ አርቄያለሁ። አንደኛው ይንሾካሾካል። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ዝም። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው ይንሾካሾካሉ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከአምስቱ ክፍሎች ደቃቅ አረፋ እንደ ስፌት እየተከታተለ ይወጣል። ቻርጀሩን አጥፍቼ ለካሁ፦ አምስቱ ነጭ ላይ ደርሰዋል። የሦስተኛው መንሳፈፊያም ቀይ ላይ ብትሆንም ከመሬት ተነስታለች።

እንዳልዋሽ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስሜት የሌለው መስሎኝ የነበረ ነገር በሁለት አምፔር ሲነሣ ማየት ለባትሪ ሠሪ ቀላል ነገር አይደለም። ሙት ብዬ የጣልኳቸው ባትሪዎች ሁሉ ዓይኔ ላይ ዞሩ። ቀጥሎ ቦይ ውስጥ የዘለለችው ልጅ ትዝ አለችኝና ፈራሁ። በአንድ ልብ ውስጥ ሁለቱ አብረው መኖር እንደሚችሉ አላውቅም ነበር።

በዚህ መካከል ፍሬቻ ገባ። ጋሼ አፍንጫቸውን ቀና አደረጉ።

«ሲጋራ! ውጣ! ውጣ አንተ ሰው፣ እዚህ ያለው አየር ባሩድ ነው!»

ፍሬቻ እንኳን ሰላም ሊለን፣ የኋላ ማርሽ እንደገባለት መኪና ወደ ኋላ ተንደርድሮ አስፋልት ዳር ደረሰ። ሲጋራውን ረግጦ አጥፍቶ፣ ደፉ ላይ ቆሞ አንገቱን አሰገገ።

«ጋሼ፣ እውነት ይሄ ነገር ይነሣል?»

«ይነሣል።»

«ከተነሣማ ዕድሜ ልኬን ፍሬቻ አበራለሁ።»

«ምስክር አለህ» አሉ ጋሼ። ከውጭ ጎሚስታው «ሰምቻለሁ!» አለ።

እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ጋሼ ግቢ ውስጥ የመኪናዋን መስታወት በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ሲያፏጩም ይሰማል። ባለቤቴ ልብስ እያሰጣች ነው፤ እርጥብ አንሶላ በመካከላችን ተዘርግቷል። እኔ ወዲህ ማዶ፣ እሷ ወዲያ ማዶ።

«ነገ አቃጥለው» አለ አንሶላው።

«ምኑን?»

«ባትሪውን ነዋ! ከመጠን በላይ ሲለቁበት ይበስላል የምትለው አንተ አይደለህ?»

«አባትሽ እዚያው ናቸው።»

«ለአንድ ደቂቃም አይነሱም? ውሃ ሽንትም የለባቸው?»

«ባትሪው ያልሞላ ጊዜ ስሜ ነው የጠፋው። እሺ፤ ይጥፋ። አሁን ደግሞ በገዛ እጄ ላብስለው?»

አንሶላውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። «ልጅቷን አንተ አላየሃትም» አለች። «እኔ ነኝ ያየኋት።» አንሶላው ተመልሶ ወደቀ።

ሰኞ ጠዋት ቻርጀሩን ካበራሁ ጀምሮ ሦስተኛው ክፍል ከሌሎቹ ጋር ማጉተምተም ያዘ። የጋሼ ጣት ጉልበታቸው ላይ ይቆጥራል። አራት ሰዓት ሲሆን እጃቸውን ሊታጠቡ ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ጓሮው ቧንቧ ወጡ።

ቻርጀሩ ፊት ቆምኩ። ስምንት ወር ዋሽቻለሁ፤ ግን ለሰው ነው እንጂ ባትሪን አታልዬ አላውቅም። ቁልፉን አዞርኩት፤ ከሁለት ወደ አሥራ አምስት። ቻርጀሩ እንደተቆጣ ንብ አጉረመረመ። ባትሪው ውስጥ ያለው አሲድ ሊገነፍል እንደደረሰ ድስት ይንተከተክ ጀመር፤ የሚኮመጥጥ ሽታው ጉሮሮዬን ያዘኝ።

«ማነው የነካው?» አሉ ጋሼ ከጓሮ።

«መብራቱ ጨምሮ ነው ጋሼ!»

«በዚህ ሰፈር መብራት መሄድ እንጂ መጨመር ያውቃል? መልሰው።»

መለስኩት። ጋሼ እጃቸውን እያራገፉ ገቡ። ጓንት አድርገው በእጃቸው ጀርባ የባትሪውን ጎን ነኩ።

«ሞቋል። አጥፋው፤ ይረፍ።»

አጠፋሁት። እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀምጠን መንገዱን አየን፤ ማለቴ እኔ አየሁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደክሞህ ነው ልጄ።»

«አዎ ጋሼ።»

«ሁላችንም ደክሞናል» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ «በል ለካ» አሉኝ። ፍሬቻና ጎሚስታው ወሬው ደርሷቸው በሩ ላይ ቆመዋል። አንደኛው አረንጓዴ። ሁለተኛው አረንጓዴ። ሦስተኛው አረንጓዴ፣ ያውም ከሁሉም ከፍ ብሎ። እስከ ስድስተኛው ድረስ አንድም ያፈረ የለም።

«እህሳ?»

«አምስቱ አረንጓዴ ናቸው ጋሼ። ሦስተኛው ግን… ቀይ ነው። አልያዘም።»

«ቀይ?»

«ቀይ።»

«ከጠዋት ጀምሮ ከሁሉም በላይ ሲጮህ የዋለው እሱ ነው» አሉ ጋሼ በእርጋታ። «እስቲ ጎሚስታው ይይልን።»

ጎሚስታው ቱቦዋን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳት። አረንጓዴውን አየ። እኔን አየ። ጋሼን አየ። ጅል አይደለም፤ «እንግዲህ… ቀለም ነገር…» ብሎ መንተባተብ ጀመረ። ፍሬቻ በትከሻው ላይ አሻግሮ አየና ጮኸ፦

«አረንጓዴ ነው እኮ! ዕውር ነህ እንዴ አንተ ሰውዬ?»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ መግቢያ ያጣ ይመስል ቤቱ ውስጥ ዞረ። ጎሚስታው ፍሬቻን በክርኑ ጎሸመው። ፍሬቻ ምን እንዳጠፋ እየፈለገ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ጣሪያው፣ በመጨረሻም ወደ ገዛ ጫማው አየ።

«መነጽሩ አቧራ ይዞበት ይሆናል» አሉ ጋሼ። «በል ውሃውን እስከ ምልክቱ አድርስ፤ ክዳኑን ግጠም፤ በሶዳ ውሃ እጠበውና እንሂድ።»

ባትሪውን ተሸክሜ ስሄድ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ጋሼ በጎሚስታው ክንድ፣ ፍሬቻ፣ ከዚያም «ምንድን ነው?» እያለ የተከተለ ቁልፍ ቀራጭ። ግቢ ስንደርስ ባለቤቴ ባትሪው መሙላቱን ከኔ ፊት ላይ አነበበችው። ሄዳ የግቢውን በር ዘጋችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። እትዬ ከቤት ወጥተው «የመኪናው ቁልፍ ጠፍቷል» አሉ። ማንም አልጠየቃቸውም ነበር።

«እኔ ጋ ነው» አሉ ጋሼ፣ ኪሳቸውን መታ መታ እያደረጉ።

ባትሪውን በመደቡ ላይ አስቀመጥኩ። ቀዩን አሰርኩ። ጥቁሩ ላይ ስደርስ እጄ ዘገየ፤ አንድ ብሎን ላላ አድርጌ ብተወው ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ቀና ስል ፍሬቻና ጎሚስታው አንገታቸውን ሞተሩ ውስጥ ከትተው እጄን እያዩ ነበር። ጋሼ ደግሞ ጆሯቸውን ወደኔ አዘንብለዋል። አጠበቅኩት። ኮፈኑን ዘጋሁ።

ጋሼ የመኪናዋን በር ከፍተው ከመሪው ኋላ ተቀመጡ። ወንበራቸውን አስተካከሉ። የኋላ ማሳያ መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ፣ ትንሽ ወደ ግራ መለስ አደረጉት። ማርሹን ነቅነቅ አድርገው ነጻ መሆኑን አረጋገጡ። ባለቤቴ በሩ ጋ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ብረቱን ጨብጣለች። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እኔ ከመኪናዋ ፊት አልሄድኩም፤ እንዴት እንደምቆም ግን ጠፍቶኛል፤ አንድ እግሬ ወደ ባለቤቴ፣ አንዱ ወደ መኪናዋ ነው።

ቁልፉ ዞረ።

ማስነሻው ሞተሪኖ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸ፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ከኋላዋ ጥቁር ጢስ ተፋችና ስምንት ወር ያልተናገረች ሴት ይመስል ሳታቋርጥ ማውራት ጀመረች። ፍሬቻ አጨበጨበ። አጠገቡ ያጨበጨበ ሰው እንደሌለ ሲያይ እጆቹን እንደገጠሙ ተዋቸው።

ጋሼ ነዳጁን ቀስ አድርገው ሁለት ጊዜ ረገጡ። ሁለቱንም መዳፎቻቸውን መሪው ላይ አድርገው ቆዩ። መሪው ይንቀጠቀጣል። ፊታቸው ወደ በሩ፣ ወደ ልጃቸው ነው።

«አባዬ» አለች ባለቤቴ። ድምፅዋ ከሞተሩ በላይ አልወጣም።

ጋሼ የእጅ ፍሬኑን ሳቡት። ሞተሩን አላጠፉም። በሩን ከፍተው ወረዱ። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ጠርዙን እየተከተሉ፣ የግራውን መብራት ነክተው፣ የቀኙን መብራት ነክተው፣ በፊታችን ዞረው አለፉ። የወዲያኛውን በር እጀታ በሁለተኛው ሙከራ አገኙት። ከሹፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ገብተው ተቀመጡ፤ በሩን ዘጉ፤ ቀበቶውን ሳቡ፤ ማሰሪያውን ለማግኘት ትንሽ ዳበሱ፤ አሰሩት። ከዚያ መስታወቱን አወረዱና ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው መጠበቅ ጀመሩ።